ከቡና አልጋው ሥር የመጣ ጥያቄ፦ ዩኒቨርስ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ነው የሚፋጠነው?

የጀንፈል ጠባቂ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ስለሚል ታገሱኝ።

ከጅማ ወጣ ብለን ቡና እናደርቃለን። ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱን ከቡናው ጋር የማድረው እኔ ነኝ። ማታ ጤዛ እንዳይነካው የማድረቂያ አልጋዎቹን ሸራ እናለብሳቸዋለን። ንፋስ ከገለጠው መልሼ አለብሳለሁ። ውሻ ከጮኸ ተነስቼ እዞራለሁ። የቀረውን ሰዓት ወደ ላይ እያየሁ ነው የማነጋው። ክረምት ላይ እኛ ጋ ሰማይ የለም፣ ደመናና ዝናብ ብቻ ነው። ታኅሣሥ ሲገባ ግን ሰማዩ ተከፍቶ ያድራል። በአካባቢው መብራት ስለሌለ ኮከቡ እንደ ቡናው ተሰጥቶ ነው የሚታየው።

በተለይ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ የምወደው ነገር አለ። በሰሜን ምሥራቅ በኩል እነዚያ ጭልፋ የሚመስሉት ሰባት ኮከቦች ይወጣሉ። ፊቴን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሳዞር ደግሞ መስቀሉ አለ፤ አራት ኮከብ ነው፣ ዝቅ ብሎ። ወንድሜ እንደነገረኝ ለንደን ያለ ሰው መስቀሉን ከቤቱ ሆኖ ዕድሜ ልኩን አያየውም። እኛ ግን አንድ ቦታ ቆመን ሁለቱንም እናያለን። ይሄ ነገር ሁሌም ይደንቀኛል።

ታናሽ ወንድሜ ጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ ኪቶ ግቢ ነው የሚማረው። ዩኒቨርስ እየሰፋ እንደሆነ፣ መስፋቱም እየፈጠነ እንደሄደ የነገረኝ እሱ ነው። መጀመሪያ አላመንኩትም። ወደ ላይ የተወረወረ ድንጋይ ፍጥነቱ እየቀነሰ ይሄዳል እንጂ እየጨመረ አይሄድም ብዬ ተከራከርኩት። በኋላ ተቀበልኩ። ባለፈው ሳምንት ግን አንድ ቪዲዮ ላይ "መፋጠኑ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም፣ ወደ አንድ ወገን ያደላል" ሲባል ሰማሁ። ወንድሜን ብጠይቀው "ፈተና ላይ ነኝ" አለኝ። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ።

የተማርኩት እስከ 12ኛ ክፍል ነው፤ እባካችሁ ቀመር አትጻፉልኝ። ማወቅ የምፈልገው ይሄን ነው። በጭልፋው በኩል ያለውና በመስቀሉ በኩል ያለው እኩል ነው የሚሸሸው? እኩል ነው ከተባለስ፣ ማን ዞሮ ለካው?


መምህርት ከፈረንጅ አራዳ፦

እንዴት አደርክ ወንድሜ። "ማን ዞሮ ለካው" ያልካት ናት ዋናዋ ጥያቄ። ብዙ ዓመት ፊዚክስ አስተምሬያለሁ፣ ይቺን የጠየቀኝ ተማሪ ግን አላስታውስም።

መጀመሪያ መፋጠኑ እንዴት እንደታወቀ ልንገርህ። እ.ኤ.አ. በ1998፣ በእኛ 1990 መሆኑ ነው (ከዚህ በኋላ ያለው ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው)፣ ሁለት ቡድኖች ለየብቻ እየሠሩ አንድ ውጤት ላይ ደረሱ። አንዱን ሶል ፐርልሙተር ይመራው ነበር። በሌላው ውስጥ ብራያን ሽሚትና አዳም ሪስ ነበሩ። የሚከታተሉት አንድ ዓይነት ሱፐርኖቫ ነው። ነጭ ድንክ የሚባለው የከሰመ ኮከብ ሲፈነዳ የሚታይ ብርሃን ነው። ይህ ፍንዳታ የተወደደበት ምክንያት ድምቀቱ ነው፤ ጥቂት እርማት ከተደረገበት፣ የትም ቢፈነዳ ድምቀቱ ተቀራራቢ ነው።

ማታ ጂረን፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ጋ ወጥተህ ከተማውን ቁልቁል ተመልከት። በየሰዉ በረንዳ ላይ የተሰቀለው አምፖል እኩል ዋት ቢሆን፣ የደመቀው ቅርብ ነው፣ የደበዘዘው ሩቅ ነው ትላለህ። ሜትር አያስፈልግህም። እነሱም እንደዚያ ነው ያደረጉት። ሩቅ ያሉት ሱፐርኖቫዎች ከተጠበቀው በላይ ደብዝዘው ተገኙ። መስፋቱ እየተዳከመ ቢሆን ኖሮ ያን ያህል አይርቁም ነበር። ሦስቱ ሰዎች በ2011 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። የሚያፋጥነው ነገር ምንነቱ ዛሬም አልታወቀም። ስም ብቻ አወጡለት፣ ጥቁር ኃይል። በሂሳቡ መሠረት ከዩኒቨርስ ይዘት 70 በመቶ ያህሉ እሱ ነው።

አሁን ወደ ዙሪያው ልምጣ። መላ ሰማዩን ዞሮ የለካ ነገር አለ። ዩኒቨርስ 380 ሺህ ዓመት ገደማ ሲሆነው የተለቀቀ ብርሃን ነው፤ ዛሬ በማይክሮዌቭ መልክ ይደርሰናል። ፔንዚያስና ዊልሰን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ናቸው አንቴናቸው ላይ ያገኙት። አንቴናውን የትም ቢያዞሩት የማይጠፋ ሽሽ የሚል ድምፅ ነበር። አንቴናው ውስጥ ርግቦች ሰፍረው ስለነበር ኩሳቸው ይሆናል ብለው ጠረጉት። ድምፁ አልጠፋም። በ1965 ይፋ ሆነ። የብርሃኑ ሙቀት 2.725 ኬልቪን ነው፣ ከዜሮ በታች 270 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያህል ማለት ነው። በ2009 የተወነጨፈው ፕላንክ የተባለው ሳተላይት ሰማዩን ሁሉ ዞሮ ለካው። የራሳችን ጉዞ የሚያመጣው ልዩነት ሲቀነስ፣ ከቦታ ቦታ ያለው ልዩነት ከመቶ ሺህ አንድ እጅ ያህል ነው።

መስፋቱ በጭልፋው በኩል ፈጥኖ በመስቀሉ በኩል ቢዘገይ ኖሮ፣ ይህ ብርሃን በአንዱ ወገን ይበልጥ ቀዝቅዞ እናገኘው ነበር። በ2016 ለንደን ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎች የፕላንክን ልኬት ይዘው ይህንኑ ፈተሹ። ዩኒቨርስ ወደ አንድ ወገን አድልቶ ይሰፋል የሚለውን ውጤቱ 121,000 ለ 1 ይቃወመዋል። እኔ በዚህ እተማመናለሁ።


ኪቶ ማዶ፦

መምህርት፣ በአክብሮት አንድ ነገር ልጨምር። ጋሼ ያየው ቪዲዮ ከሜዳ የመጣ አይደለም።

ያ ጥንታዊ ብርሃን አብዝቶ የሚነግረን ስለ ድሮው ነው። መፋጠኑ ግን የጀመረው ዘግይቶ ነው፣ ከ5 እስከ 6 ቢሊዮን ዓመት በፊት። ስለዚህ የቅርቡን ለብቻው መፈተሽ ያስፈልጋል። በ2019 የኦክስፎርዱ ሱቢር ሳርካርና ሦስት ባልደረቦቹ ይህን አደረጉ። 740 ሱፐርኖቫዎች ያሉበትን መዝገብ ወስደው እንደገና አሰሉት። መፋጠኑ ዙሪያውን እኩል ሆኖ አልወጣላቸውም። ወደ አንድ አቅጣጫ አድልቶ ነው ያገኙት፣ ያም አቅጣጫ እኛ ራሳችን የምንጓዝበት ነው። ከዚያ ተነስተው "መፋጠን የምንለው ነገር፣ እየተጓዝን ስለምናይ ብቻ የሚታየን ሊሆን ይችላል" አሉ። እውነት ከሆነ ጥቁር ኃይል የሚባል ነገር ላያስፈልግ ነው። ቀላል ነገር አይደለም።

በዓመቱ ዴቪድ ሩቢንና ጄሲካ ሃይትላውፍ መልስ ጻፉ። የራሳችን ጉዞ ከመለኪያው ላይ መቀነስ ነበረበት፣ አልተቀነሰም አሉ። በሱፐርኖቫዎቹ ብርሃን አያያዝ ላይም ስህተት አገኘን አሉ። ሲያስተካክሉት መፋጠኑ ጎልቶ ተመለሰ። የሰፈራችን ማድላት ጥቁር ኃይልን ሊተካ አይችልም ብለው ደመደሙ። እነ ሳርካር አልተቀበሉትም፤ የጉዞው እርማት ራሱ ችግር አለበት ብለው ነው ቀድሞውንም የተውት።

እኔን ያስገረመኝ ግን ሌላ ነው። ሱፐርኖቫዎቹ ከየት ከየት እንደተለቀሙ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። ከ740ው 374ቱ የመጡት በሰማይ ወገብ ላይ ከተዘረጋች አንዲት ቀጭን መቀነት ነው። 239ኙ ደግሞ ከአራት ትንንሽ ቦታዎች ናቸው፣ አንዳቸው ጎንና ጎናቸው አንድ አንድ ዲግሪ ነው። 613ቱ ማለት ነው። ይህ ሁሉ ቦታ ቢደመር የሰማዩን አንድ በመቶ አይሞላም።


የጀንፈል ጠባቂ፦

እህቴ፣ ይሄን ቁጥር ካነበብኩ በኋላ ስልኬን አስቀምጬ አልጋዎቹን አንድ ዙር ዞሬ መጣሁ። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ዓምና 40 ጆንያ ቡና ይዘን አንድ ገዢ ጋ ሄድን። ናሙና የሚወስደው ልጅ ሦስት ጆንያ ብቻ ፈታ። እነሱንም ከአፋቸው ላይ ዘገነ። እነዚያ ሦስቱ መኪናው ላይ ዳር ዳሩን የተጫኑ ነበሩ፤ መንገድ ላይ ካፊያ አግኝቷቸዋል። መሣሪያው ውስጥ ጨመረው፣ እርጥበቱ በዛ ተባለ። ለ40ውም ዋጋ ተቀነሰብን። እያንዳንዱን ጆንያ በሹል ብረት ወገቡ ላይ ወግቶ ማየት ነው ደንቡ። ለመንናቸው፣ የሰማን የለም። አባቴ ያን ቀን ምሳ አልበላም። ሦስት ወር በእጁ ያገላበጠው ቡና ነው።

ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ልጁ አልዋሸም። የዘገነው ቡና እውነትም እርጥብ ነበር። መሣሪያውም ልክ ነበር። ጥፋቱ ስለ 37ቱ ጆንያ ሳያይ መናገሩ ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ እንዲህ ተለወጠ። ሰማዩ ያደላ እንደሆነ ከመጠየቄ በፊት ያየንበት ቦታ ያደላ እንደሆነ ልጠይቅ። አንድ በመቶ ከማይሞላ ሰማይ አብዛኛውን ለቅሞ ስለ ዙሪያው መናገር ይቻላል? ያደላል ያሉትም፣ አያደላም ያሉትም የዘገኑት ከዚያው ጆንያ ነው አይደል?

ደግሞ ሁለታችሁም "የራሳችን ጉዞ" አላችሁ። ወዴት ነው የምንሄደው? እኔ እዚሁ አልጋው ሥር ተቀምጫለሁ።


መምህርት ከፈረንጅ አራዳ፦

ወንድሜ፣ የአባትህ ነገር አሳዘነኝ። ምሳሌው ግን ልክ ቦታው ላይ ነው ያረፈው። በአንድ ነገር ብቻ ላርምህ፤ ማይክሮዌቩ ከዚያ ጆንያ አይደለም። እሱ ሙሉውን ሰማይ ነው። የኪቶዋ ልጄ "ስለ ድሮው ነው የሚነግረን" ያለችው እውነት አለበት፤ ሆኖም ያ ብርሃን እኛ ጋ የደረሰው የቅርቡን 5 ቢሊዮን ዓመትም አቋርጦ ነው። በመንገዱ ላይ ሰማዩ ክፉኛ አድልቶ ቢሆን ኖሮ ምልክቱ ይቀርበት ነበር። ትንሽ ማድላት ከሆነ ግን ሊያመልጠን ይችላል። ይህን አልክድም።

ስለ ጉዞው ልንገርህ። በሐምሌ ዝናብ፣ ከአጂፕ ወደ መርካቶ በባጃጅ ሄደህ ታውቃለህ? ዝናቡ የሚወርደው ቀጥ ብሎ ነው። ባጃጁ ሲሮጥ ግን ከፊት የሚመጣ ነው የሚመስለው፤ የሹፌሩ መስታወት ይታጠባል፣ የኋላው ሸራ ያን ያህል አይመታም። ዝናቡ ከመርካቶ በኩል ያደላል ብትል ተሳስተሃል። ያደላህ አንተ ነህ።

እኛም እንደዚያ ነን። ምድር በፀሐይ ዙሪያ፣ ፀሐይ በጋላክሲያችን ውስጥ፣ ጋላክሲያችንም ከጎረቤቶቹ ጋር ይጓዛል። ሁሉም ተደምሮ ፀሐይ ከዚያ ጥንታዊ ብርሃን አንጻር በሰከንድ 370 ኪሎ ሜትር ትከንፋለች። ከጅማ ተነስተህ በአንዲት ሰከንድ አዲስ አበባን ማለፍ ማለት ነው። በምንሄድበት በኩል ብርሃኑ ሞቅ ይላል፣ ከ800 አንድ እጅ ያህል። በስተኋላ በዚያው ልክ ይቀዘቅዛል። ያን ካልቀነስክ ዩኒቨርስ ያደላ ይመስልሃል።

የት አቅጣጫ እንደሆነ ላሳይህ። ሊቃውንቱ አሰድ የሚሉትን፣ የአንበሳውን ኮከብ ፈልግ። ራሱ ማጭድ ይመስላል፤ በማጭዱ እጀታ ጫፍ አንድ ደማቅ ኮከብ አለ። አንተ በምትወዳት ሰዓት፣ በታኅሣሥ ሌሊት 11 ሰዓት፣ ያ ኮከብ ከጅማ ሲታይ አናትህ ላይ ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ ክንድህን ዘርግተህ በጡጫህ ለካ። ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሁለት ጡጫ ያህል ዝቅ በል። ወደዚያ ነው የምንሄደው።

አንድ ነገር ረስቼ። ጠዋት አዌቱ ወንዝ ላይ ጉም ሲተኛ ማዶ ያለው መብራት ይደበዝዛል፤ የራቀ ይመስላል እንጂ አልራቀም። የራሳችን ጋላክሲም አቧራ አለው፣ በአንዳንድ አቅጣጫ ይወፍራል። ሱፐርኖቫ በዚያ በኩል ከታየ አቧራው ያደበዘዘው ተለክቶ መቀነስ አለበት። በትክክል ካልተቀነሰ ይሄም አቅጣጫ ያለው ስህተት ያመጣል።


ኪቶ ማዶ፦

ባጃጇን ለክፍል ጓደኞቼ ነገርኳቸው፣ ወደዷት። እኔ ግን ያልገባኝ እዚያው ላይ ነው።

ባጃጇ እውነት ከሆነች በሌላ ነገርም መታየት አለባት። ወደምንሄድበት በኩል ስናይ የሩቅ ነገሮች ቁጥር በርከት ብሎ መታየት አለበት፣ በስንት እንደሚበረክትም ከ370ው ኪሎ ሜትር ማስላት ይቻላል። ኤሊስና ባልድዊን የሚባሉ ሰዎች በ1984 ነው ይህን መፈተኛ ያመጡት። ነገሮቹ በብዙ ሺህ ካልሆኑ ስለማይሠራ ዓመታት ጠበቀ። በ2021 ኔተን ሴክረስትና ባልደረቦቹ፣ ሳርካርም አለበት፣ 1.36 ሚሊዮን ኳሳሮች ቆጠሩ። ኳሳር ማለት በጣም ሩቅ ያለ፣ መሐሉ ላይ ግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ የሚያበራው ጋላክሲ ነው። አቅጣጫው ከዚያው ከአሰድ በኩል ብዙም አልራቀም። መጠኑ ግን ከተጠበቀው ከእጥፍ በላይ ሆነ። በአጋጣሚ የመሆን ዕድሉ ከሁለት ሚሊዮን አንድ ያህል ነው።

በባጃጅ ቋንቋ ልበለው። መስታወቱ ላይ ያለው ውኃ፣ ማለትም ጥንታዊው ብርሃን፣ ባጃጁ በ30 እየሄደ ነው ይላል። ጎማው፣ ማለትም የኳሳሩ ቆጠራ፣ ግን በ60 እየዞረ ነው። አንዱ ልክ አይደለም፣ ወይም ዝናቡ ራሱ ትንሽ ያደላል።

ጋሼ፣ ይሄ ስለ መፋጠን አይደለም፤ ስለ ቁጥር ነው። ቪዲዮ ላይ ሁለቱን ያደባልቋቸዋል። ኳሳር በአንድ ወገን በዛ ማለት መስፋቱ በዚያ ወገን ፈጠነ ማለት አይደለም። እኔ ግን ይሄኛው ነው የሚያሳስበኝ። የ2019ኙ ሂሳብ መልስ ያገኘ ይመስለኛል። የኳሳሩ ቆጠራ ግን እስካሁን እንደቆመ ነው።

ስለ ጆንያህ ደግሞ ደስ የሚል ነገር አለ። አሁን ብዙ ጆንያ እየተወጋ ነው። በ2022 የወጣው መዝገብ 1,550 ሱፐርኖቫ አለው፣ ከብዙ የሰማይ ክፍል የተሰበሰበ ነው። ካሊፎርኒያ ፓሎማር ላይ ያለው ሰማይ ቃኚ ብቻውን፣ በቅርብ ርቀት ያሉ ከ3,600 በላይ በ2025 አወጣ፤ እሱ የሰሜኑን ሰማይ ነው የሚያየው። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ቺሊ ተራራ ላይ ያለው የቬራ ሩቢን ቴሌስኮፕ የመጀመሪያ ፎቶዎቹን አሳየ። መስታወቱ 8.4 ሜትር ነው። የደቡቡን ሰማይ በጥቂት ሌሊት አንዴ እየዞረ፣ 10 ዓመት ሊያይ ነው ዕቅዱ።


መምህርት ከፈረንጅ አራዳ፦

ልጄ፣ ጥሩ አድርገሽ ለየሽው። ጎማውና መስታወቱ አልተስማሙም ያልሽውን እቀበላለሁ። ነገ ለልጆቼ የማነበው የአንቺን ነው።


የጀንፈል ጠባቂ፦

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ።

እንደገባኝ ልጻፈው፣ ከተሳሳትኩ አርሙኝ። እስካሁን በተለካው መስፋቱ በጭልፋውም በመስቀሉም በኩል እኩል ነው፤ መፋጠኑም እኩል ነው የሚለው ነው የሚያመዝነው። ያደላል ያሉት ሰዎች የለቀሙበት ሰማይ ጠባብ ነበር። ኳሳሮቹ ላይ ግን ያልተፈታ ነገር አለ፣ እሱም የፍጥነት ሳይሆን የብዛት ነው። ልክ ነኝ?

ትናንት ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ወጣሁ። ብርድ ነበር፣ ሸራው በጤዛ ርሷል። ጭልፋው በግራዬ፣ መስቀሉ በቀኜ። አሰድን ለማግኘት ቀና አልኩ፣ አንገቴ እስኪያመኝ ድረስ። ማጭዱን አገኘሁት። ደማቁንም ኮከብ አገኘሁት፣ እውነትም አናቴ ላይ ነው። ክንዴን ዘርግቼ ሁለት ጡጫ ለካሁ። እዚያ ቦታ ላይ ይሄ ነው የሚባል ኮከብ የለም፣ ጨለም ያለ ነው። ለረጅም ጊዜ እሱን አየሁ። ስንት ዓመት ሙሉ በጎን በጎኑ ያሉትን ሳይ እሱን አንድ ቀን አላየሁትም ነበር።

ከዚያ አንድ ጥያቄ መጣብኝ። ቺሊ ያለው የደቡቡን ነው የሚያየው፣ ፓሎማር ያለው የሰሜኑን። የሁለቱ መሣሪያ የተለያየ ነው። ሁለት ገዢ በሁለት መሣሪያ አንድ ቡና ሲለካ ቁጥሩ እንደማይገጥም አውቃለሁ። ሰሜንና ደቡቡ ቢለያይ ሰማዩ ነው የተለያየው ወይስ መሣሪያው? እኛ ከአንድ ግቢ ሁለቱንም እናያለን። እንጦጦ ላይ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች አሉ ሲባል ሰምቻለሁ። ከዚያ ሆኖ ሁለቱንም ወገን በአንድ መሣሪያ ማየት አይቻልም?

ወንድሜ ፈተናውን ጨርሷል፣ ቅዳሜ ይመጣል። ሸራውን ካለበስን በኋላ አብረን እንወጣለን።


ኪቶ ማዶ፦

ልክ ነህ ጋሼ።

የእንጦጦው ሐሳብህ ከልብ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። 1 ሜትር መስታወት በጣም ሩቅ ላለው አይበቃም፣ ቅርብ ያሉትን ሱፐርኖቫዎች ግን ይደርስባቸዋል። የጉዞው እርማት ደግሞ ጉዳት የሚያደርሰው በቅርቦቹ ላይ ነው። ሁለቱ ትልልቆቹ ያገኟቸውን ቅርብ ቅርቦቹን መርጦ፣ ሰሜንና ደቡቡን በአንድ መሣሪያ ማመሳከር ይቻላል። ለመመረቂያ ጽሑፌ ርዕስ እየፈለግሁ ነበር። ሰኞ አማካሪዬን ይህን እጠይቃለሁ።